ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ለማን ልናገር?

ጥያቄ፦ «በአንድ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በመጀመሪያው ሴሚስተር በሒሳብና በፊዚክስ ዲ፣ በእንግሊዝኛና በሎጂክ ሲ፣ በሳይኮሎጂና በጂኦግራፊ ሲ ፕላስ አምጥቼ ውጤቴ 1.83 ስለሆነ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ለቤተሰቤ አልነገርኩም። ክፍላችን ውስጥ ብዙ ስለሆንን መምህራኑ ስሜን እንኳ አያውቁም፤ ቢሯቸው ሄጄ ለመጠየቅም እፈራለሁ። ሁለተኛው ሴሚስተር ከተጀመረ አራት ሳምንት ሆኖታል፤ አሁንም የሚገባኝ ጥቂት ነው፤ እንቅልፍም አጥቻለሁ። ትቼ ልሂድ ወይስ የሚረዳኝ አካል አለ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ የመጨረሻውን ጥያቄሽን ልመልስ፤ ትተሽ አትሂጂ፤ የሚረዳሽ አካልም አለ። ለብዙ ዓመታት በዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ውስጥ ስሠራ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ የእርዳታ አለመኖር አልነበረም። ያሳዘነኝ ተማሪው እርዳታው ወዳለበት ቢሮ የሚመጣው ውጤት ተለጥፎ፣ የተሰናባቾች ዝርዝር ወጥቶ፣ ሻንጣው ከታሰረ በኋላ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ መምህሩም፣ አማካሪውም፣ የተማሪዎችን መዝገብ የሚይዘው ሬጅስትራርም ቢያዝኑለት እንጂ ሊያደርጉለት የሚችሉት በጣም ጥቂት ነው። አንቺ ግን የጻፍሽው በአራተኛው ሳምንት ነው፤ ገና ያልተሰጠ ፈተና፣ ያልገባ አሳይመንት፣ ያልተዘጋ የውጤት መዝገብ አለ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ መቼ፣ ወደ ማን፣ ምን ይዘሽ መሄድ እንዳለብሽ ነው።

ማስጠንቀቂያ የሚለው ቃል እንዳስደነገጠሽ ከደብዳቤሽ ይታያል። ማስጠንቀቂያ ስንብት አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን የሚወስኑት የሴኔት ሌጂስሌሽን በሚባለው መተዳደሪያ ደንባቸው ሲሆን፣ ማስጠንቀቂያውና ስንብቱ የሚጀምሩባቸው ቁጥሮች ከተቋም ተቋም ስለሚለያዩ የራስሽን ዩኒቨርሲቲ ደንብ ከሬጅስትራር ጠይቀሽ በዓይንሽ ማንበብ ይኖርብሻል፤ ዶርም ውስጥ የሚወራውን አትመኚ። ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 ድምር አማካይ ውጤት ማስፈለጉ ግን በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው።

አሁን እስክሪብቶ ያዢና አብረን እናስላ። ዲ 1 ነጥብ፣ ሲ 2፣ ሲ ፕላስ 2.5 ይይዛል። የስድስቱ ኮርሶችሽ ክሬዲት፣ ማለትም የእያንዳንዱ ኮርስ ክብደት፣ እኩል ነው ብለን ነጥቦቹን ብንደምር 11 ይሆናል፤ ለስድስት ሲካፈል ያ 1.83 ይመጣል። ሁለተኛው ሴሚስተርም ተመሳሳይ ክብደት ያላቸው ስድስት ኮርሶች አሉት ብንል፣ ድምር አማካይሽ 2.00 እንዲሞላ የሁለቱ ሴሚስተር ነጥብ 24 መድረስ አለበት፤ ማለትም በዚህ ሴሚስተር የሚጠበቅብሽ 13 ነው። 13 የሚሞላው ደግሞ በሁለት ኮርስ ሲ ፕላስ፣ በአራት ኮርስ ሲ በማምጣት ነው። አብዛኞቹ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች በሚጠቀሙበት የውጤት አሰጣጥ ሲ ከ50 በመቶ፣ ሲ ፕላስ ከ60 በመቶ ይጀምራል። የክሬዲቱ ቁጥር በአንቺ ተቋም ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ስሌቱን በራስሽ ኮርሶች ድገሚው። እኔ እንድታይው የፈለግሁት ባለፈው ሴሚስተር በሳይኮሎጂና በጂኦግራፊ ያደረግሽውን እንደገና ብታደርጊና ሁለቱን ዲ ወደ ሲ ብታነሺ ከማስጠንቀቂያው የምትወጪ መሆኑን ነው። ከአንቺ የሚፈለገው የማይሆን ነገር አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ አዲስ ተማሪዎች ዘግይተው የሚረዱት ሌላ ስሌት አለ። በብዙ ኮርሶች ግማሹ ነጥብ የሚገኘው ከተከታታይ ምዘና፣ ማለትም ከኩዊዝ፣ ከአሳይመንት፣ ከሚድ እና ከመሳሰሉት ሲሆን፣ ቀሪው ግማሽ ከማጠቃለያ ፈተና ነው። ከተከታታይ ምዘናው ከ50 ውስጥ 18 ይዞ ወደ ማጠቃለያ ፈተና የሚገባ ተማሪ ሲ ለማግኘት ከ50 ውስጥ 32 ያስፈልገዋል፤ 30 ይዞ የገባው ግን 20 ይበቃዋል። እነዚህ ሁለት ተማሪዎች በመጨረሻው ሳምንት ላይብረሪ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩል ሌሊት ያድራሉ፤ የአንደኛው ዕድል ግን ከሁለት ወር በፊት በትንንሽ ኩዊዞች ተወስኗል። ስለዚህ የጊዜሽ ክፍፍል ከማጠቃለያው ፈተና ሳይሆን ከሚቀጥለው ኩዊዝ መነሳት አለበት።

ቀጥሎ ያለው፣ እኔም ረዘም ላለ ጊዜ ልቆይበት የምፈልገው ጉዳይ፣ ውጤትሽ ለምን ዝቅ እንዳለ ማወቅ ነው። «አልገባኝም» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ችግሮችን ሊሸፍን ይችላል፤ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው መድኃኒትም ይለያያል። የባለፈውን ሴሚስተር የታረመ የፈተና ወረቀት ለማየት መምህሩን ጠይቂ፤ ወይም ያሉሽን ኩዊዞች ሰብስቢና ነጥብ ያጣሽበትን እያንዳንዱን ቦታ ተመልከቺ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ምን እንደሚል ስላልገባሽ ሳትመልሺ ያለፍሽው ከሆነ ጉዳዩ የቋንቋ ነው። ሐሳቡ ገብቶሽ በስሌቱ መሐል ክፍልፋይ፣ ትሪጎኖሜትሪ ወይም የቬክተር ድምር ካደናቀፈሽ ጉዳዩ የመሠረት ነው። ሁለቱም ሳይሆን ቀርቶ በማስታወሻሽ ላይ ያለውን ምሳሌ በቃልሽ ይዘሽ፣ ቁጥሩና አቀማመጡ ሲለወጥ ግራ የገባሽ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የአጠናን ነው፤ ተማሪዎች መቸከል የሚሉት።

የመሠረት ክፍተት ቢገኝብሽ የአንቺ ብቻ ጉድለት አድርገሽ አትቁጠሪው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ እንደነበሩ፣ በዚህም ምክንያት ማለፊያ ላላመጡ ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት የሚሰጥበት የሪሚዲያል ፕሮግራም እንደተጀመረ ታስታውሻለሽ። በአገር ደረጃ ይህን ያህል የሰፋ ክፍተት አንዲት ልጅ ሰነፍ ስለሆነች የመጣ ሊሆን አይችልም። የፍሬሽማን ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ የተመለሰውም ተማሪው ወደ ትምህርት ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ይህን መሠረት እንዲያጠናክር ታስቦ ነው። ስለዚህ በዚህ ዓመት መሠረትሽን መሙላት የታሰበለት ሥራ ነው፤ ሊያሳፍርሽ አይገባም።

ይህን ካወቅሽ በኋላ ሥራው ይቀላል። ጉዳዩ ቋንቋ ከሆነ፣ ነገ የሚሰጠውን ክፍል ከሞጁሉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ዛሬ ማታ አንብቢ፤ የማታውቂያቸውን ቃላት ትርጉም በአፍ መፍቻ ቋንቋሽ ጎን ለጎን ጻፊ። በተለይ በጥያቄ ውስጥ ተመላልሰው የሚመጡትን፣ «አረጋግጪ»፣ «አወዳድሪ»፣ «ምክንያቱን አስረጂ» ለማለት የሚያገለግሉትን የእንግሊዝኛ ግሦች ለይተሽ ያዢያቸው፤ ቁጥራቸው ያን ያህል ብዙ አይደለም። ጉዳዩ የመሠረት ከሆነ ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል መጽሐፍ ተመለሺ። የሁለተኛው ሴሚስተር ሒሳብሽ አፕላይድ ማትማቲክስ ከሆነ በቬክተርና በማትሪክስ ተጀምሮ ወደ ሊሚት፣ ወደ ዴሪቬቲቭና ወደ ኢንቴግራል ይሄዳል፤ ፈንክሽን ያልጨበጠች ተማሪ ሊሚት ላይ መቆሟ አይቀርም። ዶርም ውስጥ የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዘሽ ብትታዪ የሚስቅብሽ ቢኖር፣ ይሳቅ። አጠናንሽ ከሆነ ችግሩ፣ የተሠራን ምሳሌ ከማንበብ ይልቅ መልሱን ሸፍነሽ በባዶ ወረቀት ላይ ለመሥራት ሞክሪ፤ ያቆምሽበትንም መሥመር ምልክት አድርጊበት። ያ ምልክት ያረፈበት መሥመር ወደ መምህርሽ ቢሮ ይዘሽው የምትሄጂው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደምትፈሪው ቢሮ እንግባ። መምህራን ተማሪ የሚያነጋግሩበት የታወቀ ሰዓት አላቸው፤ በኮርስ አውትላይኑ ላይ ወይም በቢሯቸው በር ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ ካላገኘሽ ከክፍል ሲወጡ «ጥያቄ ነበረኝ፤ መቼ ቢሮ ልምጣ?» ማለት ይበቃል። መምህር የሚያማርረው «ምንም አልገባኝም» ብሎ የሚመጣ ተማሪ ነው፤ ምክንያቱም በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት እንደገና ማስተማር አይችልም። «ይህን ጥያቄ እስከዚህ መሥመር ድረስ ሠርቻለሁ፤ ከዚህ ወደዚያ እንዴት እንደሚኬድ ግን አልገባኝም» ብላ ወረቀቷን የምትዘረጋን ተማሪ ግን ሳያስረዳ የሚሸኝ መምህር በሥራ ዘመኔ ያየሁት እጅግ ጥቂት ነው። ስሜን አያውቁም ብለሻል፤ ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሄድሽ ያውቁታል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? በአክብሮት የቀረበ ጥያቄ ድፍረት ተብሎ አይቆጠርም፤ ከታላላቆች ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብለን ያደግን ልጆች ይህን ለመቀበል ጊዜ እንደሚወስድብን ግን አውቃለሁ።

ስለዚሁ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የምትሄጂው በሥራ ሰዓት፣ ወደ ቢሮ ነው፤ ብትፈልጊ ጓደኛሽን አስከትለሽ መሄድ ትችያለሽ፤ ይህን የሚከለክል ደንብ የለም። ውጤትን ከግል ግንኙነት ጋር የሚያያይዝ፣ ከግቢ ውጭ እንገናኝ የሚል፣ በምሽት የሚደውል ሰው ካጋጠመሽ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ መልእክቱን አታጥፊው፤ በቀጥታ ወደ ሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። እንዲህ ያለው ነገር የደረሰባቸው ልጆች ኮርሱን ትተው ሲጠፉና ኤፍ ሲቀበሉ አይቻለሁ፤ ቀድመው ቢናገሩ ኖሮ ፈተናቸው በሌላ መምህር እንዲታረምላቸው መጠየቅ ይቻል ነበር።

ከመምህሩ ሌላ የተመደበልሽ የአካዳሚክ አማካሪ አለ። ብዙ ተማሪዎች አማካሪያቸውን የሚያውቁት በምዝገባ ወረቀት ላይ በሚያኖረው ፊርማ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያ ያለባት ተማሪ ግን ስንት ክሬዲት መያዝ እንደሚፈቀድላት፣ ዲ ያመጣችበትን ኮርስ መድገም ትችል እንደሆነ፣ ብትደግም የትኛው ውጤት እንደሚያዝላት መጠየቅ ያለባት እሱን ነው። የሴኔቱን ደንብ ይዘሽ ሂጂና አንቀጹን አብራችሁ አንብቡት።

የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤቱን ለአቤቱታ ብቻ አታስቢው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት ተማሪዎች በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በእንግሊዝኛ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚያዘጋጀው ከትምህርት ክፍሎች ጋር በመተባበር ይኸው ጽሕፈት ቤት ነው፤ አንዳንዶቹም ቤተሰባቸው አቅም ለሌለው ተማሪዎች ለፎቶኮፒና ለንጽሕና መጠበቂያ የሚሆን ድጋፍ ያደርጋሉ። ቱቶሪያሉ ብዙ ጊዜ በማታ ወይም በቅዳሜ ይሰጣል፤ ማስታወቂያው የሚለጠፈው ሰው በማያነበው ሰሌዳ ላይ ስለሆነ ሄዶ መመዝገብ ይሻላል። ወንድ ተማሪ ይህን ቢያነብ እሱም ባዶ እጁን አይቀርም፤ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ቱቶሪያል እንዲዘጋጅ በክፍል ተጠሪው በኩል መጠየቅ ይችላል፤ የማየት ወይም የመስማት ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎችም ልዩ ፍላጎትን የሚመለከተውን ቢሮ በጊዜ ካነጋገሩ አንባቢ፣ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲመቻችላቸው መጠየቅ ይችላሉ።

በመደበኛ መዋቅር ውስጥ ከማይቆጠሩት መካከል ደግሞ ሲኒየሮች አሉ። በግቢ ጉባኤም ሆነ በጀመዓ ወይም በፌሎሺፕ ውስጥ ካለሽ፣ እነዚህ የሃይማኖት ኅብረቶች ለፍሬሽ ተማሪዎች በነባር ተማሪዎች የሚሰጥ ቱቶሪያል የማዘጋጀት የቆየ ልማድ አላቸው። ሲኒየር ባለፈው ዓመት ራሱ የተደናቀፈበትን ቦታ ስለሚያስታውስ አንዳንዴ ከመምህር በተሻለ ያስረዳል። የቆዩ ፈተናዎችንም ከእነሱ ታገኛለሽ፤ ነገር ግን መልሱን ለመቸከል ሳይሆን ሰዓት ይዘሽ ራስሽን ለመፈተን ተጠቀሚባቸው። የጥናት ቡድን ካቋቋማችሁ ከሦስት ወይም ከአራት አትብዙ፤ ከመካከላችሁ አንዷ ሒሳብ ላይ ጠንካራ ብትሆን ለሁላችሁም ይጠቅማል፤ እሷም ስታስረዳ ይበልጥ ታውቃለች።

ሬጅስትራርን በሚመለከት አጭር ግን ጠንካራ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ማንኛውንም ነገር በጽሑፍ፣ በቀኑ አድርጊ። በፈተና ቀን ብትታመሚ በዚያው ቀን ወደ ግቢው ክሊኒክ ሂጂ፤ ማስረጃውን ይዘሽም ወዲያውኑ ለትምህርት ክፍሉ አሳውቂ፤ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣ የሕክምና ወረቀት ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም። በውጤትሽ ላይ ቅሬታ ካለሽ መጀመሪያ መምህሩን፣ ካልተስማማሽ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ በማመልከቻ ጠይቂ፤ የቅሬታ ጊዜ የሚቆጠረው በቀናት ስለሆነ እስከሚቀጥለው ሴሚስተር አይጠብቅሽም። ከሁሉም በላይ ግን ሳትናገሪ ከግቢ አትጥፊ። አንድ ልጅ አባቱ ታመው ያለ ፈቃድ ወደ ገጠር ሄዶ ቀረ፤ ዊዝድሮዋል የሚባለውን ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ መሙላት እንዳለበት የነገረው አልነበረም። በዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ በሁሉም ኮርሶች ኤፍ ተመዝግቦበት፣ የድጋሚ ቅበላ ማመልከቻውም ውድቅ ሆኖበት አገኘሁት። ከመሄዱ በፊት ቅጹን ሞልቶ፣ ምክንያቱን በማስረጃ አስደግፎ፣ የግቢውን ንብረት መመለሱን የሚያረጋግጠውን ክሊራንስ ጨርሶ ቢሆን ኖሮ የሚመለስበት መንገድ ክፍት ይሆንለት ነበር። አንቺም በሕመም ወይም በከባድ የቤተሰብ ችግር ምክንያት በእርግጥ መሄድ ቢኖርብሽ በዚህ መንገድ ሂጂ። በ1.83 ምክንያት ግን መሄድ አያስፈልግሽም።

እንቅልፍ እንዳጣሽ በአንድ ቃል ብቻ ጠቅሰሽ አልፈሽዋል፤ እኔ ግን ልለፈው አልችልም። ለብዙ ሳምንታት ሌሊት የማይተኛ ሰው ቀን የሰማውን አይዝም፤ ያኔ «ጭንቅላቴ አይሠራም» ይላል፤ ይህም ይበልጥ ያስጨንቀውና እንቅልፉን ይነሣዋል። ከስድስት ሰዓት ሌሊት በኋላ ላይብረሪ መቆየት ለአንቺ አሁን ጥቅም የለውም፤ ተኚና ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሺ። በግቢሽ ያለውን የምክር አገልግሎት ቢሮ አንኳኪ፤ እዚያ መሄድ ማበድ አይደለም፤ የምትናገሪውም ለመምህራን አይተላለፍም። ምግብ ካስጠላሽ፣ ያለምክንያት ካለቀስሽ፣ በተለይ ደግሞ መኖር ምን ያደርግልኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ለዶርም ጓደኛሽ ንገሪና አብራችሁ ወደ ክሊኒኩ ሂዱ።

የቀረው ቤተሰብሽ ነው። ያልነገርሻቸው እንዳያዝኑ ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል፤ ጎረቤቱ ሁሉ «የእገሌ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባች» ብሎ የሸኘሽ ቢሆን ደግሞ ጭንቁ ይብሳል። ሆኖም ምስጢሩን ብቻሽን መሸከምሽ ከትምህርቱ እኩል እያደከመሽ ነው፤ በየስልኩ «ደህና ነኝ፣ ጥሩ እየሄደ ነው» ማለትም አቅም ይጨርሳል። መምህርሽን ካነጋገርሽና ቱቶሪያል ከተመዘገብሽ በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለእናትሽ ወይም ይበልጥ ለምትቀርቢው ታላቅ ወንድም ወይም እህት ደውዪ። ቁጥሩን በማብራራት ጊዜ አታጥፊ፤ «ሁለት ትምህርት ከብዶኛል፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ አልተባረርኩም፤ በዚህ ሳምንት መምህሬን አነጋግሬ የማጠናከሪያ ትምህርት ጀምሬያለሁ፤ እስከ ሰኔ ጸልዩልኝ እንጂ አትጨነቁ» በያቸው። መጀመሪያ ዝም ቢሉ ስልኩን አትዝጊ፤ የሚሉትን ቆይተሽ ስሚ።